ምስክሩ ታሰረ፤ ቃሉን ያስለወጠውስ?

ለክልሎች ጠቅላይ ፍርድ ቤቶች፣ ለክልል ፍትሕ ቢሮዎችና ለፖሊስ ኮሚሽኖች
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ በገጠር ፍትሕን በማሰናከል የሚቀርቡ ክሶች እልባት ስለሚያገኙበት መንገድ

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በወረዳና በዞን ፍርድ ቤቶች ደጃፍ ጠጉሬ የሸበተ ጠበቃ ነኝ። ቅሬታዬ አንድ ነው። በገጠር የፍትሕን ሥራ የማሰናከል ወንጀል ሲፈጸም ብዙ እጅ ይገባበታል። ክስ ሲመጣ ግን የሚከሰሰው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ከሁሉም ድኻ የሆነው፣ ከሁሉም በላይ የፈራው ምስክሩ ነው።

ሕጉ በዚህ ረገድ አልሰነፈም። ከ1997 ዓ.ም. ግንቦት ጀምሮ የምንሠራበት የወንጀል ሕግ ምስክርንና ጠቋሚን ማጥቃትን፣ ወንጀለኛን መደበቅን፣ በሐሰት መወንጀልን፣ ተጠርቶ አለመቅረብን፣ ችሎት መድፈርን፣ በሐሰት መመስከርንና ሌላውን ለሐሰት ምስክርነት ማነሳሳትን ያስቀጣል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ በወረዳ ችሎት ዘወትር የምናየው ግን ተጠርቶ የቀረውን ምስክር፣ ቃሉን የለወጠውን ምስክርና ችሎት ውስጥ የጮኸውን ባለጉዳይ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እነዚህ በዳኛው ዓይን ሥር የሚፈጸሙ ናቸው። መርማሪ ቀበሌ መውረድ የለበትም፤ መዝገቡ ቶሎ ይዘጋል፤ ሪፖርት ላይም «እልባት ያገኘ» ተብሎ ይቆጠራል። ምስክሩን በማታ ቤቱ ድረስ ሄዶ ያነጋገረውን ሰው ለማግኘት ግን የእግር መንገድ፣ ነዳጅና አፉን የሚከፍት ጎረቤት ያስፈልጋል።

ነገሩ ከሩቅ ሲታይ ስለማይገባ አንድ መዝገብ ላሳያችሁ። ቦታውንና ሰዎቹን አልጠራም። በመውቂያ ሰሞን፣ አውድማ ላይ፣ በድንበር የተነሳ ጠብ ሰው ገደለ። ድርጊቱን በቅርብ ያየው አንድ እኩል አራሽ ነው፤ የሚያርሰው መሬት ደግሞ የተከሳሹ አጎት ይዞታ ነው። ለፖሊስ በማግሥቱ በሰጠው ቃል «ዱላውን ሲያነሳ አይቻለሁ፤ ሁለተኛው ምት ላይ ወደቀ» ብሏል። ከቃሉ ሥር የአውራ ጣቱ አሻራ አለ።

ክሱ በዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሊሰማ ሲቀጠር ክረምት ገብቶ ነበር። ምስክሩ ማለ፤ እጁን አወረደ፤ ዐቃቤ ሕጉ ያየውን እንዲናገር ጠየቀው።

«መሽቶ ነበር። ጩኸት ሰምቼ ስደርስ ሰውዬው ወድቋል። ማን እንደመታው አላየሁም።»

ዐቃቤ ሕጉ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 145 መሠረት ለፖሊስ የሰጠው ቃል እንዲታይለት አመለከተ። ቃሉ ተነበበ።

«ጌታዬ፣ እኔ ማንበብ አልችልም። ፖሊሱ ጻፈ፤ አውራ ጣትህን አድርግ አለኝ፤ አደረግኩ።»

በግራ በኩል ካለው አግዳሚ ላይ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ምስክሩ አንድም ጊዜ ወደነሱ አልዞረም፤ ላለመዞር ሲታገል ግን የአንገቱ ሥር ተገትሮ ይታይ ነበር። ዳኛው አስጠነቀቁት፤ ያንኑ ደገመ።

ሌሎቹ ምስክሮችም የሰሙ እንጂ ያዩ ስላልነበሩ ተከሳሹ በቁጥር 141 መሠረት መከላከል ሳያስፈልገው በነፃ ተሰናበተ። ምስክሩ ከችሎቱ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ተወሰደ። ከዚያ በወረዳው ፍርድ ቤት በሐሰት ምስክርነት ተከሰሰ፤ ክሱ ሲነበብለት «አጥፍቻለሁ፤ ፍርድ ቤቱ ይማረኝ» አለ፤ ያለ ጠበቃ፣ በዚያው ዕለት ጥፋተኛ ተባለ። ቀላል እስራት ተፈረደበት። ሚስቱ ስንቅ ስታመላልስ ከረመች። ከፖሊስ ጣቢያ እስከ ቅጣት ውሳኔ «ማን ነው እንዲህ በል ያለህ?» ብሎ የጠየቀው አንድ ሰው አልነበረም፤ መዝገቡን አገላብጬ አይቼዋለሁ።

ውጤቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጡት። አንዱ ፍርድ ቤት ተከሳሹ መግደሉ አልተረጋገጠም ብሎ አሰናበተ። ሌላው ፍርድ ቤት «ሲገድል አይተህ ዋሸህ» ብሎ ሌላ ሰው አሰረ። ሁለቱም ፍርዶች እስከ ዛሬ ጸንተው ይኖራሉ። የሟች እናት የትኛውን እንድታምን እንደሚጠበቅባት አላውቅም።

ችሎት ውስጥ ተቀምጠው ወደነበሩት አስታራቂ ሽማግሌዎች ልምጣ። ብዙ የሕግ ባልደረቦቼ እነዚህን ሰዎች እንደ ወንጀለኛ ስብስብ ሲያወሩ እሰማለሁ፤ አልስማማም። የደም ነገር ባለበት አገር ሽማግሌ ባይኖር የሟች ወንድም በሚቀጥለው ገበያ የገዳይን ወንድም ይጠብቃል። የገዳይ ወገን ከብቱን ትቶ ይሰደዳል፤ እርሻው ጦም ያድራል፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ይቀራሉ። ሽማግሌ ነው ድንጋይ አሸክሞ ይቅርታ የሚያስጠይቀው፣ የደም ካሳ የሚቆርጠው፣ ሁለቱን ወገን ከአንድ ማዕድ የሚያስቆርሰው። በወሎ አበጋሮች፣ በኦሮሞ ጉማ፣ በሲዳማ አፊኒ፣ በጉራጌ ጆካ እየተባለ ሁሉም የየራሱ ሥርዓት አለው። ፖሊስ ጣቢያው ሩቅ በሆነበት፣ ያሉትም ፖሊሶች ጥቂት በሆኑበት ወረዳ ይህን ሥራ ማን ይሠራው ነበር?

ችግሩ ያለው ከዕርቁ ውል ጫፍ ላይ ባለች አንዲት ቃል ላይ ነው። ካሳው ተቆርጦ፣ መሐላው ተፈጽሞ ሲያበቃ «እስረኛውም ይፈታል» ትባላለች። በጽሑፍ አትገኝም፤ ሁሉም ግን ያውቃታል። የግድያ ክስ ደግሞ የሟች ቤተሰብ አነሳሁ ቢል አይነሳም። የወንጀል ሕጉ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጡ ወንጀሎችን (ቁጥር 212) ለባለጉዳዩ ፈቃድ ትቷል፤ ነፍስ ግን ከነዚያ ውስጥ የለችም። ሕገ መንግሥቱም ለባህላዊ ዳኝነት በስም ለይቶ በር የከፈተው በግልና በቤተሰብ ጉዳይ ነው። እንግዲህ ሽማግሌው ቃሉን ለመጠበቅ የቀረው መንገድ አንድ ነው፤ ምስክሩን ማግባባት። «አስታርቀናል፤ አንተ ብቻ ደም ልታፈስ ነው?» ይሉታል። በዚያ መንደር ዕርቅ ያፈረሰ ሰው ቀብሩ ላይ የሚገኝለት የለም። ፍርድ ቤት አንድ ጊዜ አስምሎታል፤ ሽማግሌ ደግሞ ከደጀ ሰላም ወይም ከመስጊድ አጠገብ አስምሎታል። ከሁለቱ የትኛውን መሐላ እንደሚፈራ ማንም የገጠር ሰው ይነግራችኋል።

በሩ ግን ተዘግቶ አልነበረም። የወንጀል ሕጉ ቁጥር 82(1)(ሠ) ጥፋተኛው ከልቡ ተጸጽቶ ጥፋቱን ካመነ፣ ተጎጂውን ከረዳ፣ ጉዳቱን በተቻለው መጠን ከካሰ ቅጣቱ እንዲቀልለት ያዛል። የ2003 ዓ.ም. የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲም ለዕርቅና ለአማራጭ መፍትሔ ቦታ ሰጥቷል። ሽማግሌዎቹ ገዳዩ እንዲያምን አድርገው፣ ካሳውን አስከፍለው፣ የዕርቅ ውላቸውን ይዘው ቅጣት ሲወሰን ቢቀርቡ ሕጉ ይቀበላቸዋል። ይህን የሚያውቅ ሽማግሌ ግን አላጋጠመኝም ማለት እችላለሁ። ማን ነግሯቸው ያውቃሉ? ወረዳው ሽማግሌ የሚጠራው ማዳበሪያ በሚታደልበትና ግብር በሚሰበሰብበት ሰሞን ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ለፍትሕ ቢሮዎች ነው። ዕርቅን በምስክር አፍ በኩል ሳይሆን በቅጣት ማቅለያ በኩል የሚያስገባ መመሪያ አውጡ። ሽማግሌዎች ያስታረቁበትን ቃለ ጉባኤ ለዐቃቤ ሕግ እንዲሰጡ፣ ዐቃቤ ሕጉም ቅጣት ሲጠየቅ እንዲያያይዘው ይደረግ። በዚያው ላይ ግልጽ ይሁንላቸው፤ ካሳ መቁረጥ አያስከስስም፣ ምስክር ቤት መሄድ ግን ያስከስሳል። የገጠር ሰው በግልጽ የተነገረውን ድንበር ያከብራል፤ የተሸሸገ ድንበር ነው የሚጣሰው።

ስለ ማስፈራራት ስናወራ ደግሞ ማስፈራሪያው የሚጀምረው ከራሳችን ወረቀት መሆኑን አንርሳ። የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ስም ዝርዝር ከነቀበሌያቸው ከክሱ ጋር ተያይዞ ለተከሳሹ ይደርሰዋል። መብቱ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የቀረበበትን ማስረጃ የማየትና ምስክሮችን የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ እኔም የተከሳሽ ጠበቃ ስሆን መጀመሪያ የምፈልገው ይህንኑ ዝርዝር ነው። ነገር ግን ከተማ ውስጥ የአንድ ሰው ስምና ቀበሌ ብዙ አይናገርም፤ ገጠር ውስጥ ግን የትኛው ዛፍ ሥር ከብቱን እንደሚያስር ጭምር ይናገራል።

ለዚህ ተብሎ የወጣው የምስክሮችና የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ነው። ጥሩ አዋጅ ነው፤ ማንነትን መሰወር፣ የመኖሪያ ቦታ መቀየር፣ ከመጋረጃ ጀርባ መመስከር ሁሉ አለበት። ሆኖም በመጀመሪያ ደረጃ የሚመለከተው አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት የሚያስቀጡ ወንጀሎችን ነው። የወረዳ ፍርድ ቤት የዕለት እንጀራ የሆነው ቀላል ድብደባና ድንበር መግፋት ብዙውን ጊዜ ከዚያ በታች ይቀራል። ሁለተኛ፣ ገበሬን ቦታ ቀይሩለት ማለት ምን ማለት ነው? መሬቱን ተሸክሞ አይሄድም። ስሙን ቀይሩ ቢባል የመሬት ደብተሩ በድሮ ስሙ ነው። ከመጋረጃ ጀርባ ቢናገር ድምፁን የማያውቀው የለም፤ በየዓመቱ ደቦ ሲጠራ የሚሰሙት ድምፅ ነው።

ለገጠር የሚሠራው ጥበቃ ፍጥነት ነው። ምስክር የሚፈራውና የሚባበለው ገና ስላልተናገረ ነው፤ አንዴ በመሐላ ዳኛ ፊት ከተናገረ በኋላ እሱን ማባበል ትርፉ ይቀንሳል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ይህን ቀድሞ አስቦበታል። ከቁጥር 80 ጀምሮ ያለው ቀዳሚ ምርመራ በከባድ የሰው ግድያና በከባድ ውንብድና እንዲደረግ ያዛል፤ በከፍተኛ ፍርድ ቤት በሚታዩ ሌሎች ወንጀሎችም ዐቃቤ ሕግ ከፈለገ ይቻላል። የሚያካሂደው ደግሞ የወረዳው ፍርድ ቤት ነው፤ ለምስክሩ በጣም የሚቀርበው፣ ዳኛው አካባቢውን የሚያውቅበት ፍርድ ቤት። እዚያ የተሰጠ ቃል በቁጥር 144 መሠረት ምስክሩ ቢሞት፣ ቢጠፋ ወይም በሕመም መቅረብ ባይችል በማስረጃነት ይነበባል። ያ እኩል አራሽ ቃሉን የሰጠው በሳምንቱ በወረዳ ዳኛ ፊት ቢሆን ኖሮ «ፖሊሱ ጻፈ፣ እኔ አሻራ አደረግኩ» የምትለው ቃል ባልጠቀመችው ነበር። አስታራቂዎቹም ይህን ያውቁ ስለነበር ምናልባት ጭራሽ ወደ ቤቱ ባልሄዱ።

ቀዳሚ ምርመራ በብዙ ቦታ እንደ ጊዜ ማባከኛ ይታያል። የዳኛ እጥረት አለ፣ መዝገብ ተከምሯል፣ ይህን አውቃለሁ። ግን አስልታችሁት ታውቃላችሁ? አንድ ምስክር ለማቅረብ ስንት መጥሪያ፣ ስንት «ታስሮ ይቅረብ» ይጻፋል? ከዚያ ቃሉን ሲለውጥ ሌላ የፖሊስ ምርመራ፣ ሌላ ክስ፣ ሌላ ችሎት፣ ሌላ እስረኛ።

እዚህ ላይ ፍርድ ቤቶቻችንንም ልናገር። ፍትሕን የሚያሰናክለው ሁልጊዜ ተከሳሽና ዘመዱ አይደለም። ምስክሩ ከደጋ ቀበሌ ከሌሊቱ ተነስቶ ይወርዳል፤ ዐቃቤ ሕጉ ስብሰባ ላይ ነው ይባላል፤ ተለዋጭ ቀጠሮ ይሰጠዋል። በሁለተኛው ቀን ዳኛው ዞን ተጠርተዋል። በሦስተኛው መብራት የለም። ውሎ አበል የሚባለው ብር ከገንዘብ ያዥ እጅ አልወጣም፤ «በጀት የለም» ነው መልሱ። እያንዳንዱ ተለዋጭ ቀጠሮ ምስክሩን ለማግባባት የሚሰጥ ተጨማሪ ወር ነው፤ አግባቢዎቹ ደግሞ ቀጠሮ አይለውጡም። በመጨረሻ ሰውዬው ሲታክተው ይቀራል፤ ሲቀርም ተይዞ ይመጣል፤ «ፍትሕን ባለመርዳት» ይቀጣል። በገበያ ቀን አለመቅጠርን የመሰለ ቀላል ነገር እንኳ ብዙ ችሎት አይሞክርም። ምስክሩና አስፈራሪው የሚገናኙት ገበያ ላይ ነው፤ ፍርድ ቤት ደጃፍም ገበያ ሲሆን ሁለቱን ቦታ አንድ አደረግነው ማለት ነው።

አባቶቻችን አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚሉት ሥርዓት ነበራቸው። ወንጀለኛው እስኪታወቅ አገሬው ተሰብስቦ ይውላል፤ የቀረ ይቀጣል። በዘመናዊ ሕግ ዓይን ብዙ ጉድለት ነበረበት፤ ንጹሐንንም አንገላቷል፤ ይመለስ አልልም። ግን አንድ ነገር አውቆ ነበር። የመናገር ሸክሙን በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ለብቻው አይጭንም ነበር። የኛ አሠራር ሸክሙን ከመንደሩ ሁሉ ላይ አንስቶ ስሙ በተራ ቁጥር አንድ ለሰፈረው ሰው ሰጠው፤ ከዚያ ሲወድቅ ለምን ወደቅህ ይለዋል።

አሁን ደግሞ ዕርቅ ምንም ምክንያት ስለማይቀርብለት ጉዳይ ልናገር። ልጅ ትጠለፋለች፣ ትደፈራለች፣ ወይም ያለ ዕድሜዋ ትዳራለች። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደፋሪው ልጅቱን ካገባ ከቅጣት ያድነው ነበር፤ አሁን የምንሠራበት የ1996ቱ ሕግ ያንን ሰርዞ፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻንም በቁጥር 648 አስቀጣ። ከሕጉ የተሰረዘው ግን በምስክር በኩል ተመልሶ ሲገባ እናያለን። ለፖሊስ አሥራ አራት ዓመቴ ነው ያለች ልጅ ችሎት ስትቀርብ አሥራ ስምንት ትላለች፤ በሁለት ቀጠሮ መካከል አራት ዓመት ትጨምራለች። የክርስትና ወረቀት ይመጣል፣ ወይም ከየት እንደወጣ የማይታወቅ ደብዳቤ። ካሳውን የሚቀበለው አባት ነው፤ ዋጋውን የምትከፍለው ልጅቱ ናት። በደም ጉዳይ ሽማግሌው ሌላ ሬሳ አስቀርቷል ልንል እንችላለን። እዚህ ምን አስቀረ? የቤተሰብ ሐፍረት ይሉናል። ሐፍረቱስ የማን ነው?

በዚህ ዓይነት መዝገብ ፍትሕን በማሰናከል የተከሰሰ አባት፣ ዕድሜ የለወጠ ወረቀት ጽፎ የተጠየቀ ሹም አይቼ አላውቅም። መዝገቡ «ተበዳይ ቃሏን ስለለወጠች» ተብሎ ይዘጋል። እልባት አገኘ ይባላል።

ለፖሊስ ኮሚሽኖች የምጠይቀው እነሆ ከዚህ ይነሳል። ቃሉን የለወጠ ምስክር የምርመራው መጨረሻ ሳይሆን መጀመሪያ ይሁን። በሐሰት ምስክርነት የሚጣራ መዝገብ ሁሉ ምስክሩን ማን እንዳነጋገረው፣ የት፣ በማን ፊት፣ ምን እንደሰጠው ወይም ምን እንዳስፈራራው ጠይቆ መልሱን የሚጽፍበት ገጽ ይኑረው። ያ ገጽ ባዶ ከሆነ ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን መልሶ ይላክ። ቃሉን የለወጠ ሰው ማን እንዳግባባው በግልጽ ከተናገረ ደግሞ ዐቃቤ ሕግ በእሱ ላይ ክስ ከመመሥረት ቢታገስ፣ ያግባባውንም ለመክሰስ ምስክር ያገኛል። ዛሬ የምናደርገው ግን ምስክሩን አስረን የሚያውቀውን ይዞ ዝም እንዲል ማድረግ ነው፤ ከእስር ሲወጣ የሚመለሰው እነዚያው ሰዎች መንደር ነውና።

ለዳኞች ደግሞ የምለው ጥቂት ነው። ችሎት የደፈረን እዚያው ለመቅጣት ሕጉ ሥልጣን ሰጥቷችኋል፤ ምስክር ቃሉን መለወጡ ግን ችሎት መድፈር አይደለም። ለየብቻቸው ይታዩ። በዋስትና ጥያቄ ላይ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 67 ተከሳሹ ምስክር ሊያባብል ወይም ማስረጃ ሊያጠፋ ይችላል ተብሎ ሲታሰብ ዋስትና እንዲከለከል ያዛል፤ ይህ ጥያቄ በወረዳ ችሎት ለይስሙላ የሚጠየቅ ሆኗል። ተከሳሹና ምስክሩ ከአንድ ወንዝ የሚቀዱ መሆናቸውን ሳይጠይቁ ዋስትና መፍቀድም፣ ሳይጠይቁ መከልከልም ልክ አይደለም። በሐሰት ምስክርነት ተከሶ «አጥፍቻለሁ» የሚል ገበሬ ሲቀርብም ጠበቃ ይቁምለት፤ ያጠፋው ምን እንደሆነና ለማን ብሎ እንደሆነ ያን ጊዜ ይወጣል።

ግጭት ባለባቸው ወረዳዎች ፍርድ ቤቱ ራሱ በአግባቡ ሊሠራ አለመቻሉን አውቃለሁ። ይህ ደብዳቤ ዛሬ ችሎት ለሚቀመጥባቸው ወረዳዎች ነው፤ የሌሎቹ ነገር የራሱ ደብዳቤ ያስፈልገዋል።

በስሜ የተጻፈ መልስ አልጠብቅም። ከሚቀጥለው የበጀት ዓመት በፊት ለወረዳ ፍትሕ ጽሕፈት ቤቶች አንድ ሰርኩላር ቢደርስ፣ የምስክር ውሎ አበልም ለብቻው የበጀት መደብ ቢሰጠው፣ መልሳችሁን ከመዝገቦቹ አነበዋለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የገጠር ጠበቃ

ግልባጭ፦
ለክልል ምክር ቤቶች የሕግ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴዎች
ለወረዳ ፍርድ ቤት ዳኞችና ዐቃቤያነ ሕግ
በየቀበሌው ለሚገኙ የአገር ሽማግሌዎች፣ ማንበብ የሚችል ሰው እንዲያነብላቸው